ወረቀት፣ ቻት ግሩፕ፣ ሰንጠረዥ ወይስ ሶፍትዌር? የመስክ ሠራተኞችን ለማስተባበር የቱ ይሻላል?

ጠዋት ላይ ሁሉም ዕቅድ ያምራል። ማን የት እንደሚሄድ ተጽፏል፣ መንገዱ ካርታ ላይ በሰማያዊ ተሰምሯል፣ ሁሉም "እሺ" ብሎ ወጥቷል። ረፋድ ላይ ግን አንዱ ደንበኛ ቤቱ የለም። አንድ ሰዓት ይፈጃል የተባለው ሥራ ሦስተኛ ሰዓቱን ይዟል። ለቀጣዩ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ የሌላ ሠራተኛ መኪና ውስጥ ነው። አስተባባሪው ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ይውላል።

የመስክ ሠራተኞችን ፕሮግራም፣ መንገድና ሥራ የምትመሩበትን መሣሪያ ስትመርጡ መለኪያችሁ ይሄ ረፋድ ይሁን። ሻጮች የሚያሳዩዋችሁ ሁልጊዜ ጠዋቱን ነው። እኔ ከታች ያሉትን አማራጮች የማየው ዕቅዱ ሲፈርስ በሚያደርጉት ነው።

መጀመሪያ ጊዜያችሁ የት እንደሚባክን እወቁ

የመስክ ሠራተኛ ሲባል ብዙ ዓይነት ሰው ይገባበታል። ቴክኒሻን፣ ዕቃ አድራሽ፣ የሽያጭ ሠራተኛ፣ ቤት ለቤት የምትሄድ ነርስ፣ ቆጣሪ አንባቢ፣ መጠይቅ የሚያስሞላ ሰው። ሁሉም ከቢሮ ውጭ ይውላሉ እንጂ ችግራቸው አንድ አይደለም።

ዕቃ አድራሽ በቀን ብዙ ቦታ ይረግጣል፣ እያንዳንዱ ጋ ግን የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ጊዜው የሚያልቀው መንገድ ላይ ስለሆነ የእሱ ጉዳይ የመንገድ ቅደም ተከተል ነው። ቴክኒሻን ግን በቀን አራት አምስት ቤት ነው የሚሄደው። እሱ ጋ ዋናው ነገር ሙያው ያለው ሰው፣ የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዞ፣ ደንበኛው ባለበት ሰዓት መድረሱ ነው። መንገዱን በሩብ ሰዓት ብታሳጥሩለትና መለዋወጫ ሳይዝ ቢሄድ ምንም አላተረፋችሁም፣ ነገ ተመልሶ ይሄዳል። ነርሷ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ታካሚው የለመዳት እሷን ነው፣ መድኃኒቱም ሰዓት አለው፣ ስለዚህ ኮምፒውተር "አጭሩ መንገድ ይሄ ነው" ስላለ ብቻ ተራ መቀያየር አይቻልም። መጠይቅ የሚያስሞላው ሰው በበኩሉ የሚቸገረው በፎርሙ ነው።

ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ይህን ሞክሩ። ሥራ በዘገየ ወይም በከሸፈ ቁጥር ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ። "አድራሻ ጠፋ"፣ "ደንበኛ የለም"፣ "ዕቃ የለም"፣ "ሥራው ረዘመ"፣ "መንገድ ተጨናነቀ"፣ "ሁለት ሰው አንድ ቦታ ሄደ"። ሳምንቱ ሲያልቅ የቱ እንደበዛ ቁጠሩ። የመንገድ አፕ ልትገዙ ተነስታችሁ ዝርዝሩ ላይ የበዛው "ደንበኛ የለም" ሊሆን ይችላል። እሱን ካርታ አይፈታውም። ከመነሳታችሁ በፊት የሚላክ አንድ አጭር መልእክት ይፈታዋል።

ወረቀትና ነጭ ሰሌዳ

አትናቁት። ሁለት ሦስት ሠራተኛ ካላችሁና ሁሉም ጠዋት ቢሮ የሚገናኙ ከሆነ ሰሌዳ ይበቃል። ኔትወርክ አይጠይቅም፣ ስልጠና አይጠይቅም፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያያል። ድክመቱ አንድ ነው፦ ሰው ከወጣ በኋላ የተቀየረው ነገር ሰሌዳው ላይ እንጂ እሱ ጋ አይደርስም። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚቀየር ፕሮግራም ከሆነ ስልክ ደውላችሁ ትጨርሳላችሁ። ከዚያ ካለፈ ወደ ሌላው ሂዱ።

ቻት ግሩፕ

አብዛኛው ሰው ያለው እዚህ ነው። ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፈታል፣ ሥራ ይለጠፋል፣ ፎቶ ይላካል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሁሉም ስልኩ ላይ አለው፣ ማንም እንዴት እንደሚሠራ አይጠይቅም። ረፋድ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽም ወሬው በሰከንድ ይዳረሳል። ሎኬሽን በቀጥታ ማጋራትም ይቻላል፤ ዋትስአፕ ላይ ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት ብላችሁ ትመርጣላችሁ። 8ቱ የአንድ የሥራ ቀን ነው፣ ጥሩ ነው።

ችግሩ ቻት ላይ የተላከ መልእክት ሥራ አለመሆኑ ነው። ሥራ ባለቤት አለው፣ ሁኔታ አለው፦ ተሰጥቷል፣ ተጀምሯል፣ አልቋል። መልእክት ግን ይነበባል፣ ከዚያ በሌላ መልእክት ይሸፈናል። አስተባባሪዋ ሦስት ሥራ በተከታታይ ትለጥፋለች፣ አንዱ "እሺ" ይላል። የቱን ነው እሺ ያለው? ማንም አያውቅም፣ ግን ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል። ከወር በኋላ ደንበኛው "ያኔ የሠራችሁት ተበላሸ" ብሎ ሲደውል ፎቶውን ፍለጋ ጣት እስኪደክም ወደ ላይ መሳብ ነው።

ሌላም አለ። ዋትስአፕ ላይ በግል ስልክ የተደረገ የደንበኛ ንግግር ሠራተኛው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። የደንበኛው ታሪክ የድርጅቱ ሳይሆን የስልኩ ባለቤት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ይሄ እስኪደርስ ድረስ ማንም አያስበውም።

ግን ገና ለመውጣት ዝግጁ ካልሆናችሁ ቻቱን ትንሽ ሥርዓት አስይዙት። አንድ ሥራ፣ አንድ መልእክት፣ አንድ ቁጥር። መልስ ሲሰጥ እዚያው መልእክት ላይ "ሪፕላይ" ተደርጎ ይሁን። ቀልዱና የልደት ምኞቱ ሌላ ግሩፕ ይኑራቸው። ቴሌግራም ከ2022 ጀምሮ አንዱን ግሩፕ በርዕስ መከፋፈል ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ወይም ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ርዕስ መክፈት ይቻላል። እስከ አምስት ስድስት ሰው ድረስ እንዲህ መኖር ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን አስተባባሪዋ ራሷ ሶፍትዌር ትሆናለች፤ እሷ የታመመች ቀን ሁሉም ይቆማል።

ሰንጠረዥ፣ ካላንደርና ነፃ ካርታ

ጎግል ሺት ወይም ኤክሴል ላይ አንድ መስመር ለአንድ ሥራ፦ ቀን፣ ሠራተኛ፣ ደንበኛ፣ አድራሻ፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ የሚያስፈልገው ዕቃ፣ ሁኔታ። እዚህ መልእክቱ ሥራ ይሆናል። መፈለግ፣ መለየት፣ የወሩን መቁጠር ይቻላል። በእኔ እምነት ማንም ሰው ወደ ውድ ሶፍትዌር ከመሄዱ በፊት ሁለት ሦስት ወር በሰንጠረዥ ቢሠራ ይጠቅመዋል፣ ምክንያቱም ምን መመዝገብ እንዳለበት የሚያውቀው ያኔ ነው።

ሰንጠረዥ ከካርታ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጥሩ ነገር ይወጣል። ጎግል ማይ ማፕስ እስከ 2,000 መስመር ያለው ሰንጠረዥ ተቀብሎ ደንበኞቹን ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ያሳያችኋል። ያንን አንዴ አይታችሁ ሰፈሮቹን በቀን ከፋፍሏቸው፦ ሰኞ ሰሜኑ፣ ማክሰኞ ምሥራቁ፣ እንዲህ እያላችሁ። ለደንበኛ "እናንተ ሰፈር የምንመጣው ሐሙስ ነው" ማለት ትጀምራላችሁ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከተማውን በቀን ሁለቴ የሚያቋርጥ ቡድን ካላችሁ ይህ ብቻውን የመንገድ አፕ የሚያደርገውን ብዙውን ሥራ ያለ ክፍያ ይሠራላችኋል። አስቸኳይ ጥሪ በየቀኑ የሚመጣባችሁ ከሆነ ግን አይሆንም፣ ወይም አንድ ሰው ከክፍፍሉ ውጭ ለአስቸኳይ ብቻ ማስቀረት ይኖርባችኋል።

ሰንጠረዥ የሚሸነፈው ሜዳ ላይ ነው። በስልክ ስክሪን፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ በቆሸሸ እጅ ትንንሽ ሳጥን መሙላት ማንም አይወድም። አንዱ ደግሞ አንድ ዓምድ ብቻ በፊደል ተራ ሲደረድር አድራሻውና ደንበኛው ይለያያሉ። ጎግል ሺት የድሮውን ቅጂ መመለስ ስለሚችል ይድናል፣ ግን መበላሸቱን ቀድሞ ያወቀ ሰው ካለ ነው።

መካከለኛ መንገድም አለ። አፕሺት የሚባለው፣ ጎግል በ2020 የገዛው መሣሪያ፣ ሰንጠረዡን ወደ ስልክ አፕ ይቀይረዋል። ሠራተኛው የእሱን ሥራ ብቻ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ኔትወርክ ሲጠፋም መሙላት ይችላል። ኮድ መጻፍ አይጠይቅም፣ ግን የሚያበጀውና የሚንከባከበው አንድ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ካላችሁ ብዙ ርቀት ይወስዳችኋል።

የመንገድ አፕ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎግል ማፕስ ተራውን ራሱ የሚያወጣለት እየመሰለው ነው። አያወጣም። ቢበዛ 9 መቆሚያ ትጨምራላችሁ፣ እሱ በሰጣችሁት ተራ ይመራችኋል እንጂ "ሦስተኛውን አስቀድመው" አይላችሁም። ለአምስት ቦታ ጭንቅላታችሁ ይበቃል። ለ10 ቦታ ግን ሊኖር የሚችለው ተራ 3,628,800 ነው፣ ለ15 ደግሞ ከአንድ ትሪሊዮን በላይ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ዳንዚግና ጆን ራምሰር በ1959 ነዳጅ ጫኝ መኪኖችን ወደ ማደያዎች እንዴት እንደሚያሰማሩ ሲያሰሉ ነው ችግሩን በሒሳብ መልክ ያስቀመጡት። ዛሬም ትልልቆቹ ሲስተሞች የሚሰጡት ለፍጹሙ የቀረበ መልስ ነው፣ ለሥራ ግን በቂ ነው።

ሩትፊክና ኦፕቲሞሩት የመሳሰሉት ለቡድን የተሠሩ ናቸው። አድራሻዎቹን በጅምላ ታስገባላችሁ፣ የመኪናውን አቅም፣ የሾፌሩን የሥራ ሰዓት፣ ደንበኛው የሚገኝበትን ሰዓት ትነግሩታላችሁ፣ ለሁሉም ያከፋፍላል። ሮድዋሪየር ዓይነቱ ደግሞ ብቻውን ለሚሠራ ሾፌር ይሆናል። ፕሮግራመር ካላችሁ ኦአር ቱልስ እና ቭሩም የሚባሉ ክፍት ሶፍትዌሮች አሉ፤ ከኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ጋር አያይዞ የራስን መሥራት ይቻላል። ፕሮግራመር ከሌላችሁ ይህን አትንኩት።

የመንገድ አፕ የሚመጥናችሁ መቆሚያው ብዙ፣ ቆይታው አጭር፣ ዝርዝሩም ከመውጣታችሁ በፊት የታወቀ ከሆነ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚቀያየር ሥራ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ረፋድ ላይ አዲስ ሥራ ባስገባ የተቀረውን እንዴት ያደርገዋል? ደካማዎቹ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይደረድሩታል፣ "ስምንት ሰዓት እንመጣለን" የተባለው ደንበኛ ወደ አሥር ሰዓት ይገፋል። ጥሩው ቃል የተገባለትን ሥራ ቆልፎ ሌላውን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ የትኛውንም የመንገድ አፕ ያበላሹታል። አንዱ አድራሻ ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በደንብ በማይሠራበት ቦታ ካርታው ነጥቡን ከትክክለኛው ቤት ርቆ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ ሎኬሽኑን ያስቀምጥ። በሩ ላይ ነው ያልኩት፣ የሕንፃው መሃል ላይ አይደለም፤ የትልቅ ግቢ መግቢያ ከመሃሉ በሌላ ጎዳና በኩል ሊሆን ይችላል። ቦታን በአጭር የፊደልና የቁጥር ኮድ የሚገልጸው የጎግል ፕላስ ኮድ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ክፍያ የለውም፣ በጽሑፍ መልእክት መላክም ይቻላል።

ሁለተኛው የሥራው ርዝመት ነው። አፑ ሁሉንም ሥራ 30 ደቂቃ ብሎ ከያዘው ዕቅዱ እስከ ሁለተኛው ቤት ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። የሥራ ዓይነታችሁን በአራት በአምስት ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ እውነተኛውን ጊዜ ስጡት። ከሠራተኛው ጠይቁ እንጂ ከአለቃው አትጠይቁ፣ አለቃ ሁልጊዜ ያሳጥራል።

ሙሉ የመስክ አገልግሎት ሶፍትዌር

እዚህ ሁሉም በአንድ ላይ አለ፦ ፕሮግራም፣ መንገድ፣ የሥራ ትዕዛዝ፣ ዕቃ፣ ፊርማ፣ ፎቶ፣ ክፍያ፣ ለደንበኛ የሚላክ "መንገድ ላይ ነን" መልእክት። ጆበር እና ሃውስኮል ፕሮ ለትንንሽ የቤት አገልግሎት ድርጅቶች የተሠሩ ናቸው። ሰርቪስታይታን ከዚያ ተለቅ ላሉት ነው። ማይክሮሶፍት ዳይናሚክስ 365 ፊልድ ሰርቪስና ሴልስፎርስ ፊልድ ሰርቪስ ደግሞ ቀድሞውኑ የእነሱን ሌሎች ሲስተሞች ለሚጠቀሙ ትልልቅ ድርጅቶች ይሆናሉ። ኦዱ ለመካከለኛው ጥሩ ነው፣ ግን ልብ በሉ፤ የመስክ አገልግሎቱ ክፍል ያለው በሚከፈልበት ቅጂ እንጂ በነፃው ውስጥ አይደለም። "ኦዱ ነፃ ነው" ብሎ የሚጀምር ሰው እዚህ ጋ ይደናቀፋል።

"እኛው እናሠራዋለን" የምትሉ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ይህን መሰል ሶፍትዌር ከሚሠሩ ኩባንያዎች መካከል ማይክሮሶፍት በ2015 ፊልድዋንን፣ ሴልስፎርስ በ2019 ክሊክሶፍትዌርን ገዝተዋል፤ ሁለተኛው ግዢ ወደ 1.35 ቢሊዮን ዶላር ተከፍሎበታል። የፕሮግራመር እጥረት የሌለባቸው ድርጅቶች እንኳ ይህን ሥራ የለመደውን ሰው መግዛት መረጡ።

የእነዚህ ሶፍትዌሮች ትክክለኛ ዋጋ በወር በሰው የምትከፍሉት ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሥራ ዓይነቱን፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ሙያ፣ የዕቃውን ዝርዝር፣ የደንበኛውን አድራሻ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል፣ አንዴ አስገብቶም አይጨርስም። ያ ሰው ስሙ ካልታወቀ አትግዙ። በዓመት ውስጥ የሠራተኛው ቁጥር የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነም ክፍያው አብሮ ይወርድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የዓመት ውል ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም።

የሚከፈልበት ምክንያት ግን አለ። ረፋድ ላይ አንድ ሠራተኛ ሲቀር አስተባባሪዋ ስክሪኑ ላይ ማን ቅርብ እንዳለ፣ ማን ያንን ሙያ እንደያዘ፣ የማን መኪና ውስጥ ዕቃው እንዳለ አይታ ሥራውን ጎትታ ታዛውራለች፣ ለአዲሱ ሠራተኛም ለደንበኛውም መልእክቱ በራሱ ይሄዳል። በስልክ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ነገር ነው። በቀን አንዴ ብቻ የሚገጥማችሁ ከሆነ ለዚህ አትክፈሉ። አሥር ጊዜ የሚገጥማችሁ ከሆነ ግን አትቆጥቡ።

ፎርም ብቻ ከሆነ ችግራችሁ

ኦዲኬ የመሳሰሉትን አስቡ፣ ኮቦቱልቦክስም አለ። መረጃ ለመሰብሰብ የተሠሩ ናቸው፣ ኔትወርክ በሌለበት ይሞላሉ፣ ሲገኝ ይልካሉ። ፕሮግራም አያወጡም። ፕሮግራሙን በሰንጠረዥ ይዞ ፎርሙን ለእነሱ መተው ጥሩ ጥምረት ነው።

ስለ ጂፒኤስ ክትትል

ይህንን ለብቻው ያነሳሁት ብዙ አለቃ ሶፍትዌር የሚፈልገው ለዚህ ብቻ ስለሆነ ነው። ሠራተኛው የት እንዳለ ማወቅ ለማሰማራት ይጠቅማል፣ ለደንበኛም "ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል" ማለት ያስችላል። ነገር ግን የአዲሱ ሲስተም የመጀመሪያ ወሬ "አሁን እናያችኋለን" ከሆነ የሁሉም ስልክ ባትሪ በተመሳሳይ ሰዓት ማለቅ ይጀምራል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ክትትሉ ይጥፋ፣ ምን እንደሚመዘገብ አስቀድሞ ይነገራቸው፣ የራሳቸውን መረጃም ማየት ይቻሉ። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለሠራተኛው እንዲነገር ያስገድዳል፣ ሌላ ቦታም ሕጋችሁን እዩ።

በቴክኒክ ደግሞ ስልክና መኪና ላይ የሚገጠም መሣሪያ ይለያያሉ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራ አፕን ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ካርታው ላይ የቆመ የሚመስለው ሰው እየሄደ ሊሆን ይችላል። መኪናው ላይ የሚገጠመው አስተማማኝ ነው፣ ግን የሚነግራችሁ መኪናው የት እንዳለ እንጂ ሰውየው የት እንዳለ አይደለም።

ሙከራው

ሁለት የሚመጥኑ አማራጮች ከቀሩ አንድ ቡድን ላይ ሁለት ሁለት ሳምንት ሞክሯቸው። የሚሞክረው ቴክኖሎጂ የሚወደው ወጣት ብቻ አይሁን፣ በሁሉም ነገር የሚያጉረመርመውን ነባር ሠራተኛም ጨምሩ፤ እሱ የተቀበለውን ሌላው ይቀበለዋል። ስልኩን ከኔትወርክ አውጥታችሁ ሥራ ክፈቱ፣ ፎቶ አንሱ፣ ሥራውን ዝጉ፣ ከዚያ ኔትወርኩን መልሱና ሁሉም ደርሶ እንደሆነ እዩ። ብዙ የሚያምሩ አፖች እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃሉ።

ስትለኩ ኪሎ ሜትር ብቻ አትቁጠሩ። አስተባባሪዋ በቀን ስንት ጊዜ ትደውላለች? ስንት ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ መመለስን ጠየቀ? ስንት ደንበኛ ከተባለለት ሰዓት ውጭ ጠበቀ? እነዚህ ካልቀነሱ መንገዱ ቢያጥርም ቀኑ አልተሻሻለም።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ሻጩን "ብንለቅ መረጃችንን እንዴት እናወጣለን?" በሉት። የደንበኞች ስምና ስልክ ብቻ ሳይሆን የሥራ ታሪኩ፣ ፎቶዎቹና ፊርማዎቹም አብረው ይወጡ እንደሆነ። በሙከራው ጊዜ ውስጥ ራሳችሁ አውጥታችሁ ፋይሉን ክፈቱት።